የሐረግ ዳስ አመራረጥና አሠራር ለጓሮና ለደጅ

ለሐይቅና ለአምባሰል አካባቢ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ



በወሎ ዳስ መጣል የማያውቅ ሰው አይገኝም። ሠርግ ሲደገስ ወይም ሐዘን ሲደርስ ጎረቤት ባላውንና ማገሩን ተሸክሞ ይመጣል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ቅጠል ይለብሳል፣ ከቀትር በፊት ዳሱ ይቆማል። ያ ዳስ ግን የሚፈለገው ለጥቂት ቀናት ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በጓሮ ወይም በቤት ደጅ ላይ የሚቆመውን፣ ወይን፣ ፓሽን ፍሩት፣ ቅል ወይም ዱባ ወጥቶበት ጥላም ፍሬም የሚሰጠውን፣ ክረምት ከክረምት ሳይፈርስ መቆየት ያለበትን የሐረግ ዳስ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ዳስ በሠርግ ዳስ ልማድ መሠራቱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ሁለተኛውም በሰላም ያልፋል። ሐረጉ ሙሉ ፍሬ በያዘበት ዓመት ግን፣ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ዝናብ ተሸክሞ፣ አፈሩ ላልቶ ሳለ ነፋስ ሲመጣ ዳሱ ከነፍሬው ይተኛል። እንጨቱ ሌላ ይገኝለት ይሆናል። የተሰበረው ግንድ ግን እንደገና እዚያ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ቤተሰቡ ለዳቦና ለደብተር ያሰበው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የዳስ ዓይነት ሲመርጡ ከቅርጹ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ቀድሞ የሚያረጀው ተክሉ ነው ወይስ ቋሚው?

ተክሉ ስንት ዓመት ይኖራል? ምን ያህልስ ይከብዳል?

ቅል፣ ዱባና ተንጠላጣይ አደንጓሬ የአንድ ወቅት ተክሎች ናቸው። ሐረጋቸው ሲደርቅ ዳሱን አፍርሶ በሚቀጥለው ዓመት ማደስ ይቻላል፤ ለእነዚህ ተራ የባሕር ዛፍ አጣናና በቃጫ ገመድ የታሰረ ርብራብ ይበቃል። ፓሽን ፍሩት ከተተከለ በአንድ ዓመት ገደማ ፍሬ መስጠት ይጀምርና በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ወይን ግን ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። ዛሬ የተከሉትን ወይን ልጅዎ ጎጆ ሲወጣም ሊለቅመው ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ በእርጥቡ ከነቅርፊቱ የተቀበረ ባሕር ዛፍ ምስጥ ባለበት መሬት ላይ ስንት ክረምት እንደሚቆይ እርስዎ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። እንዲህ ባለ ቋሚ ላይ ወይን ማውጣት በአራተኛው ዓመት፣ ወይኑ ሽቦውን ሁሉ ተጠምጥሞ ከያዘ በኋላ፣ ቋሚ ለመለወጥ መገደድ ነው። የተጠመጠመን ወይን ሳይሰብሩ ቋሚ መለወጥ ደግሞ ከአዲስ ሥራ ይከብዳል። ቋሚው ቢያንስ ተክሉ የሚኖረውን ያህል መኖር አለበት።

ክብደቱንም እናስላ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ዳስ 12 ካሬ ሜትር ነው። ሐረጉ፣ ቅጠሉ፣ ፍሬውና ቅጠሉ ላይ ያረፈው ዝናብ አንድ ላይ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ቢመዝን ለምሳሌ፣ ጠቅላላው 96 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል እህል ርብራቡ ላይ ጭነው ክረምቱን ሙሉ እንደ መተው ነው። ዱባ ከሆነ 5 ኪሎ የሚመዝኑ 15 ዱባዎች ብቻ 75 ኪሎ ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ ሸክሙ በየቦታው እኩል አይከፋፈልም፣ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ዱባ በዳስ ላይ የሚያወጣ ሰው ፍሬው የሁለት ቡጢ ያህል ሲሆን ከጆንያ ወይም ከአሮጌ መረብ በተሠራ መያዣ ደግፎ ማገሩ ላይ ማሰር ይኖርበታል። ቅል ግን መንጠልጠሉ ይጠቅመዋል፤ መሬት ያልነካ ቅል አይበሰብስም፣ ቅርጹም ስለማይጣመም ለመናጫና ለመጠጫ ይመቻል።

የቦታዎ ከፍታም ምርጫውን ይወስናል። በሐይቅ ዙሪያና በውጫሌ አካባቢ ባለው ወይና ደጋ ፓሽን ፍሩትም ወይንም ይስማማቸዋል። ወደ አምባሰል የደጋ ቀበሌዎች ሲወጡ ግን ውርጭ ፓሽን ፍሩቱን ያቃጥለዋል፤ እዚያ ላለ ሰልጣኝ የአንድ ወቅት ተክሎችን በርካሽ ዳስ ማውጣት ይሻለዋል ብለን እንመክራለን።

ፀሐይና ጥላ

ዳስ ጥላ ነው። ጥላው የሚያርፍበት ቦታ ካልታሰበበት በርበሬ የሚሰጣበትን፣ እህል የሚደርቅበትን ቦታ ያጨልማል። እኛ ያለንበት አካባቢ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው። በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ቁመቱ 2 ሜትር ከ20 የሆነ ዳስ ጥላውን ወደ ሰሜን 1 ሜትር ተኩል ያህል ይጥላል። ስለዚህ ማስጫዎ ከዳሱ በስተደቡብ ቢሆን በበጋ ፀሐይ አያጣም። የቤትዎ ፊት ወደ ምዕራብ ከሆነና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደጁ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ የዳሱ ትክክለኛ ቦታ ያ ነው፤ ቡና የሚፈላውም፣ እንግዳ የሚቀመጠውም በዚያ ሰዓት ነውና።

ይህን በወሬ አይወስኑ። ሰማዩ በጠራበት ቀን ዳሱ ይቆምበታል ባሉት ቦታ ላይ 2 ሜትር ከ20 የሆነ ቀጥ ያለ በትር ይትከሉና በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ9 ሰዓት የጥላው ጫፍ ባረፈበት ድንጋይ ያኑሩ። ሦስቱ ድንጋዮች ግቢዎን ይነግሩዎታል። በትሩን ሲተክሉ ባለቤትዎና ልጆችዎ አብረው ይኑሩ፤ በየዕለቱ በዚያ ግቢ እህል የሚያሰጣው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ጥጃ የሚያስረው ማን እንደሆነ ግቢው ራሱ ያውቃል።

ዳሱ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ላይ ሐረግ ሲያርፍ እርጥበት ይይዛል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ አይጥም በሐረጉ ወጥቶ ጣሪያ ይገባል። የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅሙ ከሆነ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል። ከማድ ቤቱ ጭስና ብልጭታ ማራቅም አይዘንጋ።

የዳስ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ዳስ ነው። አራት ወይም ስድስት ቋሚ፣ በላዩ አግዳሚ፣ በአግዳሚው ላይ ርብራብ ወይም ሽቦ። ለወይንና ለቅል ይመቻል፣ ከሥሩ ይቀመጡበታል፣ የቡና ችግኝ ያሳድጉበታል። ወይንን በዳስ ላይ ማውጣት የቆየ ጥበብ ነው፤ በግብፅ ሉክሶር አጠገብ ባለው የናክት መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከ3,400 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰዎች ከዳስ ሥር ቆመው ወይን ሲለቅሙ ተስለዋል። ከእኛ ዳስ ብዙም የራቀ አይደለም። ወይን ሲወጣበት በሽቦዎቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። በእኛ ክረምት ቅጠሉ ከታፈነ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ነፋስና ብርሃን መግባት አለበት። መለኪያው ቀላል ነው፤ በቀትር ከዳሱ ሥር ሲቆሙ መሬቱ ላይ እዚህም እዚያም የፀሐይ ነጠብጣብ ካላዩ ሐረጉ በዝቷልና ይግረዙ።

ሁለተኛው የአንድ ረድፍ የሽቦ ድጋፍ ነው። ዳስ ለማለት ይከብድ ይሆናል፣ ጥላውም ጠባብ ነው። ለፓሽን ፍሩት ግን እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱ ፓሽን ፍሩት ፍሬ የሚይዘው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ መሆኑ ነው። ከሽቦው ወደ ታች እንደ መጋረጃ የሚወርዱት አዳዲስ ቅርንጫፎች ብርሃን ያገኛሉ፣ ለመግረዝም ለመልቀምም እጅ ይደርስባቸዋል። በጠፍጣፋ ዳስ ላይ ሲወጣ ግን እርስ በርሱ ይቆላለፍና አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ያስቸግራል፤ በሁለተኛው ዓመት ላዩ የደረቀ ሐረግ ክምር ይሆናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በየ5 ወይም በየ6 ሜትሩ ቋሚ ይተከላል፣ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው የማይዝግ ሽቦ ከመሬት 1 ሜትር ከ80 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጠራል፣ ችግኞቹ በ3 ሜትር ርቀት ይተከላሉ። እያንዳንዱ ችግኝ በገመድ ወደ ሽቦው ይመራል፤ ሽቦው ላይ ሲደርስ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ይተዉለትና አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ያስኪዱት። የሚወርዱት ቅርንጫፎች መሬት እንዳይነኩ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ይቆረጡ። ረድፉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢሄድ ጠዋት አንዱ ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው ጎን ፀሐይ ያገኛል። የበሰለ ፓሽን ፍሩት ራሱ መሬት ስለሚወድቅ ከሥሩ ንጹሕ ይሁን፤ በየዕለቱ ካልተለቀመ ዶሮ ይቀድምዎታል።

ሦስተኛው ለበር የሚሆን ቅስት ነው። ከቀርከሃ ወይም ከቀጭን ብረት ይሠራል፣ ለአበባና ለአደንጓሬ ያህል ይበቃል፣ ከባድ ሐረግ አይችልም። ስፋቱን በሰው ሳይሆን ጭነት በጫነ አህያ ይለኩት፤ ሁለት ጆንያ የጫነች አህያ ገጭታ የማታልፍበት ቅስት ብቻ ይቆያል።

ቋሚው

የዳስ ዕድሜ የሚያልቀው መሬቱ ጥግ ነው፤ ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር፣ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር። እርጥበቱም አየሩም ምስጡም የሚገናኙት እዚያ ነው። ላዩ ጠንካራ መስሎ የሚታይ ቋሚ በዚያ ቦታ ላይ በቢላዋ ሲነካ ይገባል።

ወይራና ጽድ ከባሕር ዛፍ እጅግ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ለዳስ ሲባል ከቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከመስጊድ ግቢ ወይም ከተከለለ ተፋሰስ መቁረጥ አይቻልም፤ ይህን ለሞዴል አርሶ አደር መንገር አያስፈልግም ይሆናል፣ ጎረቤትዎ እርስዎን ዓይቶ እንደሚከተል ግን ያስታውሱ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የወይራ ምሰሶ ካለ ከማንኛውም አዲስ እንጨት ይበልጣል፤ ዘመን ፈትኖታል።

ባሕር ዛፍ ብቻ ካለዎት ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው ቅርፊቱን ይላጡት፣ ጥላ ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርገው ደርድረው ያድርቁት፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከተቻለ ከመሬት በታች የሚገባውን ክፍል በብረት እግር ይተኩት፤ እንጨቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በብረቱ ላይ ሲታሰር ምስጥ ሊወጣበት ሲሞክር የጭቃ መንገዱ ይታያል፣ በእጅ ይጠረጋል። በብዙ ቦታ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቋሚ ላይ ይቀባሉ። በምግብ ተክል ሥር ይህ አይመከርም። በሐይቅ ዳርቻ ላሉ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ከዳገቱ ታጥቦ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ለወይን እኛ የምንመርጠው የድንጋይ ምሰሶ ነው። በአምባሰል ድንጋይ ሞልቷል፣ ግንበኛም አይጠፋም፣ ምስጥ ድንጋይ አይበላም። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ መሠረቱ እስከ ጠንካራው አፈር የወረደ፣ በሲሚንቶ የታሰረ ምሰሶ ይሁን። አግዳሚውን የሚይዝ ብረት ጫፉ ውስጥ አብሮ ይገንባ። ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ ለካብ ይሆናል እንጂ በዚህ ቁመት ለዳስ አይታመንም። ወጪው መጀመሪያ ይከብዳል። ሦስት ጊዜ የሚተካ እንጨት ዋጋ፣ የሚጠፋው ወይንና የሰው ቀን ሲደመር ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ በራስዎ መንደር ዋጋ አስልተው ይዩት።

ጊዜ ላለው ሰው አራተኛ መንገድም አለ፤ ሕይወት ያለው ቋሚ። ኮርች በቁራጩ ተተክሎ ሥር የሚሰድ ዛፍ ነው። ዳሱ ከመሠራቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ በየማዕዘኑ ቢተከል ሐረጉ ሲከብድ እርሱም ይጠነክራል። በየዓመቱ ቅርንጫፉን መመልመል ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ፀሐዩን ከሐረጉ ይቀማል።

አተካከል

ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ቋሚ 75 ሳንቲ ሜትር ይቀበርና 2 ሜትር ከ25 ከላይ ይቀራል። ከዚህ ያነሰ ጥልቀት ለነሐሴ አፈር አይበቃም። ጉድጓዱ ድንጋይና አፈር እየተፈራረቀ በየስንዝሩ ይደልደል። ላዩ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን፤ ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ከሆነ ቋሚውን ራስዎ እያበሰበሱት ነው።

ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል ገመድ ይበቃል። 3 በ4 ሜትር ለሆነ ዳስ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ሲሆን ማዕዘኖቹ ትክክል ናቸው። በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። በ4 ሜትሩ ጎን መካከል ላይ አንድ ተጨማሪ ቋሚ ይግባ፤ አግዳሚው ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ያለ ድጋፍ ከሄደ ይጎብጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን እንናገር። ነፋስ ቋሚን ከሚሰብር ይልቅ ዳሱን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ አራት ማዕዘኑ ይዛባና ይተኛል። ይህን የሚከለክለው ሰያፍ እንጨት ነው። በየማዕዘኑ፣ ከቋሚው ወደ አግዳሚው፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ሰያፍ ይመታ። ስምንት አጫጭር እንጨት ማለት ነው፤ ከተረፈው ቁርጥራጭ ይወጣል። ለሽቦው ረድፍ ደግሞ የሁለቱን ጫፍ ቋሚዎች በሽቦ ወደ ኋላ ስበው በተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ላይ ይሰሩ። ያለዚህ ሽቦው ሲከብድ ጫፎቹ ወደ መሐል ያዘነብላሉ።

ግንዱን በቋሚው ላይ ሲያስሩ ገመዱን በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ላላ አድርገው ይሰሩ። ሽቦ በቀጥታ ግንድ ላይ አይታሰርም፤ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል።

ውሃ

በበጋ ጓሮ ውስጥ ያለ ተክል የሚኖረው ከቤት በሚወጣ ውሃ ነው። የእጅ መታጠቢያውን ቦታ፣ ለሶላት የሚታጠቡ ቤተሰቦችም የውዱእ ማድረጊያውን ከሐረጉ ሥር አንድ እርምጃ ራቅ አድርገው ቢያዘጋጁት በቀን ውስጥ የሚፈሰው ንጹሕ ውሃ ያለ ድካም ለተክሉ ይደርሳል። ኦሞ ያለበት የልብስ ውሃ ግን አይድፉበት። ውሃ ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ስንዝር ይቆፍሩ፤ ደርቆ ካገኙት አንድ ጀሪካን ቀስ ብለው ያጠጡ፣ ሥሩን በገለባ ይሸፍኑ። ገለባው ግን ግንዱንም ቋሚውንም አይንካ፤ ምስጥ ይጠራል።

የመስክ ሥራ

አምስት አምስት ሆነው በቀበሌያችሁ ያለ አንድ ቆሞ ያለ ዳስ ይጎብኙ። አንዱን ቋሚ በሁለት እጅ ገፋ ያድርጉ፤ የሚንቀሳቀሰው ቋሚው ብቻ ነው ወይስ ዳሱ በሙሉ? መሬቱ ጥግ ላይ በቢላዋ ጫፍ ይንኩት። ሰያፍ እንዳለው፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ምን ተክል እንደወጣበት ባለቤቱን ጠይቀው ይመዝግቡ።

ከዚያ በየቤትዎ የጥላውን በትር ይትከሉ። የግቢዎን ንድፍ በአንድ ገጽ ላይ ይሳሉ፤ ቤቱ፣ ማስጫው፣ የሦስቱ ድንጋዮች ቦታ፣ ዳሱ የሚቆምበት፣ የመረጡት ተክልና የቋሚው ዓይነት ይኑርበት። ለሚቀጥለው ስልጠና ንድፉን ወደ አርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ይዘው ይምጡ፤ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ከልማት ሠራተኛው ጋር አንድ በአንድ እናየዋለን።